ሸክምን በገንዘብ ስለ መግዛት፦ ከአውስትራሊያ ጠረፍ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ አዲስ አበባ፣ ለተከበሩት እናትና አባት፣ ለአክስቶችና ለአጎቶች፣ እንዲሁም ይህ ደብዳቤ በሚነበብበት ሰዓት «ምን አለ?» ለማለት ቡና ላይ ለሚገኙት ጎረቤቶች ሁሉ። የላኪው ጤንነት፣ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ከትከሻው በስተቀር የተሟላ ነው።

ባክፓኪንግ እየተባለ የሚጠራው የጉዞ ዓይነት፣ ተጓዡ ልብሱን፣ መኝታውን፣ ማብሰያውንና አንዳንድ ጊዜም ድንኳኑን በአንድ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ጠቅጥቆ፣ ያንኑ አዝሎ ከከተማ ወደ ከተማ በርካሽ የሚዘዋወርበት ልማድ ሲሆን፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ባክፓከር ይባላል። የቦርሳው ክብደት ብዙውን ጊዜ አሥራ አምስት ኪሎ ይደርሳል። ይህን የሚያህል ዕቃ ከምዕራብ ሆቴል እስከ አውቶቡስ ተራ ያደረሰ የመርካቶ ተሸካሚ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በአውስትራሊያ ጠረፍ ግን ከፋዩ ራሱ ተሸካሚው ነው፤ ለቦርሳው ይከፍላል፣ ቦርሳውን አስደግፎ ለሚተኛበት አልጋ ይከፍላል፣ ወገቡ ሲቆረጠም ደግሞ ለሚያሸው ሰው ይከፍላል፤ ይህን ሁሉ ከፍሎ ሲያበቃም ዕረፍት ላይ እንደነበረ ይናገራል።

ማብራሪያውን አስፈላጊ ያደረገው በቅርቡ በቴሌግራም ለቤተ ዘመዱ የደረሰው ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የደብዳቤው ላኪ ጢሙ አድጎ፣ በባሕር ዳርቻ ባለ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ቆሞ ሽንኩርት ሲያቁላላ ይታያል፤ ከኋላው ድንኳን፣ በድንኳኑ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ ከካልሲው ሥር ደግሞ ሣር ላይ ተዘርሮ የተኛ አንድ ባልንጀራ አለ። ቤተ ዘመዱ ይህን ተመልክቶ «ልጁ ከሥራ ተባርሮ ጎዳና ወድቋል» ከሚል መደምደሚያ ላይ መድረሱ፣ ከቀረበለት ማስረጃ አንጻር ሲመዘን፣ የሚያስወቅሰው አይደለም። ይሁንና ፎቶግራፉ የሚያሳየው በጽሑፍ ተጠይቆ የተፈቀደ የዓመት ዕረፍት ነው።

ከላኪው ጋር የተጓዙት ሦስት ሲሆኑ፣ አንደኛው በሜልቦርን መኪና የሚጠግን የደሴ ልጅ (ሣሩ ላይ የተኛው እሱ ነው)፣ ሁለተኛዋ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ የሐዋሳ ልጅ ነርስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፉትስክሬይ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛ ሁሉን እየሰማ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመልስ ወጣት ነው። ፉትስክሬይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና የቅመም ሱቆች የሚበዙበት የሜልቦርን ምዕራባዊ ሰፈር ሲሆን፣ የጉዞው ስንቅ፣ ማለትም ሽሮው፣ በርበሬውና ድርቆሹ፣ የተሸመተውም ከዚያው ነው። መንገዱ ሁለት ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ከሜልቦርን ወደ ምዕራብ ግሬት ኦሽን ሮድ የሚባለውን የጠረፍ መንገድ ተከትሎ በመካኒኩ መኪና፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሲድኒ ወደ ሰሜን እስከ ኬርንስ ከተማ በአውቶቡስ የተሄደው ሲሆን፣ ይህኛው ብቻውን ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የአዲስ አበባንና የሞያሌን መንገድ ሦስት ጊዜ ያህል ይሆናል። ጊዜው የሰኔ ማብቂያና ሐምሌ ነበር። በመንገድ ላይ የተገኙት አውሮፓውያን ተጓዦች በጁላይ ክረምት መሆኑ ዓለም የተገለበጠችባቸው ያህል ሲያስገርማቸው፣ ለአዲስ አበባ ልጅ ግን የተገለበጠ ነገር አልነበረም፤ ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፣ በደቡቡ ጠረፍም ክረምት ነው፣ በሁለቱም ዘንድ ዝናቡ ጫማ ያበሰብሳል።

ግሬት ኦሽን ሮድ 243 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1932 ባለው ጊዜ፣ በአብዛኛው በዶማና በአካፋ፣ በጦርነቱ ለወደቁት ጓዶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን የሠሩት ነው። ከጦር ሜዳ በሕይወት የተመለሰን ሰው በገደል አፋፍ ላይ ድንጋይ ማስፈለጥ ሽልማት ነው ወይስ ቅጣት የሚለው ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊዎች ቢተው ይሻላል፤ ሥራ ፈት ለነበሩት ግን ደመወዝ ያስገኘ ሥራ ነበር። በመንገዱ ላይ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ስሙ የገነነው «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚባለው የድንጋይ ዓምዶች ስብስብ ነው። ዓምዶቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ ማዕበሉ የጠረፉን ገደል ከሥሩ እየቦረቦረ መጀመሪያ ዋሻ ያወጣል፣ ዋሻው ወዲያና ወዲህ ሲበሳ ቅስት ይሆናል፣ የቅስቱ ጣሪያ ሲናድ ደግሞ በባሕሩ መካከል ብቻውን የቆመ ዓምድ ይቀራል። ቦታው ቀድሞ «እሪያዋና ግልገሎቿ» በሚል ስም ይታወቅ የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ለጎብኚ የሚስማማ ስም አስፈልጎ ወደ ሐዋርያት ተዛወረ፤ እንዲህ ያለ ሹመት ያገኘ ሌላ ድንጋይ መኖሩ ያጠራጥራል። ስሙ ሲጸናም ዓምዶቹ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ከዘጠኙ አንዱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2005 ተደርምሶ ስምንት ቀርተዋል፤ የመግቢያው ጽሑፍ ግን ዛሬም አሥራ ሁለት ይላል።

ነርሷ ይህን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሳ ሰኔ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. መሆኑን፣ ያም በጾመ ሐዋርያት ውስጥ የዋለ መሆኑን አረጋገጠች። ጾመ ሐዋርያት ማለት ሕዝቡ የሰኔ ጾም የሚለው፣ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግሥት ተይዞ ሐምሌ 5 ቀን የሚፈታው ጾም ነው። ከዚህ ግኝት ምን መደምደሚያ ሊወሰድ እንደሚገባ በባልንጀሮቹ መካከል ስምምነት አልተገኘም፤ መካኒኩ «ኖራ ድንጋይም በጾም ይደክማል» ሲል፣ ነርሷ ጉዳዩ በቀልድ የሚታለፍ አለመሆኑን አስገንዝባ፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር በራሷ ላይ ፈርዳ፣ ሌሎቹ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጋር ሲበሉ እርሷ ድንቹን ብቻ በልታ ውላለች። ከዚያው ጥቂት አለፍ ብሎ «ለንደን ብሪጅ» ይባል የነበረ የተፈጥሮ ድልድይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው ቅስት በድንገት ወድቆ፣ ጫፉ ላይ የቀሩት ሁለት ጎብኚዎች በሄሊኮፕተር ወርደዋል። የፉትስክሬዩ ወጣት ይህን ታሪክ ካነበበ በኋላ ከማንኛውም ገደል አሥር እርምጃ ርቆ መቆምን መርሑ አድርጓል።

በዚሁ መንገድ ዳር ያለው ደን ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በእንጦጦ የበቀለው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ ሀገሩ የታዝማኒያ ደሴትና ይኸው የደቡብ ቪክቶሪያ ጠረፍ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ግድም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በአዲሲቱ ከተማ ዙሪያ የማገዶ እንጨት እየጠፋ በመሄዱ ምክንያት ነው። በአውስትራሊያ ኮዋላ የሚባል፣ ጠጉሩ አመድማ፣ ጆሮው ሰፊ እንስሳ የባሕር ዛፍን ቅጠል ቀለቡ አድርጎ ይኖራል፤ ቅጠሉ መርዛማነት ያለውና ብዙ ኃይል የማይሰጥ በመሆኑም፣ የበላውን ለመፍጨት በቀን እስከ ሃያ ሰዓት ቅርንጫፍ አቅፎ ይተኛል። በኬኔት ሪቨር መንደር ጎብኚዎች አንገታቸውን ወደ ላይ ቀልሰው፣ እንስሳው ዓይኑን እስኪገልጥ ድረስ ካሜራ ደግነው ሲጠብቁ ይታያሉ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ሽታው አፍንጫውን እንደነካው የሚታሰበው ምጣድ ነው። ይህንኑ ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሸክም ከባክፓከር ቦርሳ በእጅጉ ይከብዳል፤ ማሰሪያው የጠፍር ገመድ እንጂ ስፖንጅ የተደረገበት ማንገቻ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባክፓከሩ ሸክሙን የሚያወርድበትን ቀን ገና ሲነሣ ያውቀዋል። መካኒኩ ይህን ካሰበ በኋላ ስለ ትከሻው ማጉረምረም አቁሟል፤ ላኪው ግን አሁንም ያጉረመርማል።

ሆስቴል በሚባለው የባክፓከሮች ማደሪያ የሚከራየው ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከአሥር የማያንሱ ተደራራቢ አልጋዎች ይኖሩና፣ ወንድና ሴት ሳይለይ፣ ከየትኛውም ሀገር የመጣ ሰው በየመጣበት ሰዓት እየገባ ይተኛል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ እናት ለቡናው ጀበና ለማየት ወደ ጓዳ ቢገቡ ይመረጣል። በተግባር ሲታይ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ፈተና ከሥነ ምግባር ይልቅ የማንኮራፋት ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ነው በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የጆሮ መድፈኛ የሚሸጠው። ከማንኮራፋቱም የሚከፋው ሌሊት ለአሥር ሰዓት አውቶቡስ የሚነሣ ተጓዥ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ያለውን ንብረት ሁሉ በቀጫጭን ፌስታል ለያይቶ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ ሌላው እንዳይነቃ በማሰብ እያንዳንዱን ፌስታል ቀስ ብሎ፣ ስለዚህም ለረጅም ጊዜ ያንኮሻኩሻል።

የሆስቴሉ ማዕከል ወጥ ቤቱ ነው። ማንኛውም ሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ በሚያስቀምጠው ምግብ ላይ ስሙንና የሚሄድበትን ቀን የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ቀኑ ያለፈበት ምግብ ይጣላል ወይም «ነጻ» ወደሚል መደርደሪያ ይዛወራል። በዚህ መደርደሪያ ላይ ሰዎች ሲለቁ ትተውት የሚሄዱት የተጋመሰ ፓስታ፣ የታሰረ ሩዝ፣ ጨውና የጠርሙስ ግርጌ ዘይት ስለማይጠፋ፣ ዐይነ አፋር ያልሆነ ተጓዥ ሳምንት ሊኖርበት ይችላል። ነርሷ በሽሮው ዕቃ ላይ ስሟን በግእዝ ፊደል ጽፋበት ነበር፤ ሠራተኛው ማንበብ ስላልቻለ ባለቤት የለውም ብሎ ወደ ነጻው መደርደሪያ አዛወረው፤ አንድ ጀርመናዊ ተማሪም የሾርባ ማወፈሪያ ዱቄት መስሎት ወተት ጨምሮ አፈላው። ወጣቱ ጀርመናዊ ውጤቱን ወዶት ድጋሚ ጠይቋል፤ በወተት የተሠራው ሽሮ ምን እንደሚባል ግን ነርሷ እስካሁን ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም።

በሆስቴሎቹ የሚያድሩት ወጣቶች ከአውሮፓ፣ ከኮሪያና ከጃፓን የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ዕረፍትንና ሥራን በሚያጣምር ልዩ ቪዛ ነው። ለብዙዎቹ ዜጎች ይህን ቪዛ ለሁለተኛ ዓመት ማግኘት የሚቻለው ለ88 ቀናት ያህል ከከተማ ወጥቶ በእርሻና በመሳሰለው ሥራ ላይ ከተሰማሩ በኋላ በመሆኑ፣ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ቡንዳበርግ አካባቢ ጎንበስ ብሎ ቲማቲም ሲለቅም መታየቱ የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህን ቪዛ ከሚያሰጡት መካከል የለም። አባት ልጃቸው ከእርሻ ሥራ እንዲርቅ ብለው ስንት ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ከከፈሉ በኋላ፣ የሌሎች አባቶች ልጆች እርሻ ለመግባት ውቅያኖስ ተሻግረው ወረፋ መያዛቸው ቢያስገርማቸው ይገባል።

ወደ ፎቶግራፉ ሲመለስ፣ ሽንኩርቱ የሚቁላላበት ነገር የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው። በአውስትራሊያ የባሕር ዳር መናፈሻዎች ውስጥ በጡብ ወይም በብረት የተሠራ፣ ላዩ ሰፊ የብረት ምጣድ የሆነ የሕዝብ መጥበሻ ይገኛል፤ ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ ሲጫን በኤሌክትሪክ ይግላል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል፣ በአብዛኛው ቦታም ክፍያ የለውም። ከእርሱ አጠገብ የመጠጥ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና አሸዋ መታጠቢያ ሻወር አለ። ከቀጣዩ ሰው በፊት ምጣዱን የሚያጸዳ ዘበኛም ሆነ ተቆጣጣሪ የለም፤ የበላው ያጸዳዋል፤ የማያጸዳ ሲገኝ ወረፋ ላይ ያሉት በዝምታ ያዩታል፣ በዚህ ሀገር ደግሞ ይህ ከባድ ቅጣት ነው። የባክፓከር ድህነት እንግዲህ በዚህ የተደገፈ ነው፦ ቧንቧው ውኃ አለው፣ መጸዳጃው ወረቀት አለው፣ አምፖሉ ይበራል። ሰው ለመዝናናት ብሎ ደሃ መሆን የሚችለው አንድ ማዘጋጃ ቤት በስተጀርባው ሀብታም ሲሆን ነው፤ በጎዳና ላይ በእውነት የወደቀ ሰው፣ በሜልቦርንም ቢሆን፣ ከዚህ ጉዞ ውስጥ የለም፤ ቦርሳውም አዲስ አይደለም።

ከሲድኒ በስተሰሜን ባይረን ቤይ የምትባለው ከተማ ትገኛለች፤ አጠገቧ ያለው ርእሰ ምድር የአውስትራሊያ ዋና ምድር ምሥራቃዊ ጫፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የተሠራው ነጭ የመብራት ማማም ከዚያው ላይ ቆሟል። በክረምቱ ወራት ጀርባቸው የጎበጠ ትላልቅ ዓሣ ነባሪዎች ከደቡቡ በረዷማ ውቅያኖስ ተነሥተው ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ሰሜን ሲያልፉ ከማማው ሥር ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1962 በዚሁ ከተማ የዓሣ ነባሪ ማረጃ ነበር፤ የዛሬዎቹ ጀልባዎች ግን ለማየት ብቻ ያስከፍላሉ፤ ገቢውም ሳይቀንስ አይቀርም ብሎ የሚከራከር የከተማው ነዋሪ አልተገኘም። ቀጥሎ የመጣው ክጋሪ፣ ቀድሞ ፍሬዘር ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2023 የነባር ሕዝቦቹ ስያሜ በይፋ የተመለሰለት፣ በዓለም ትልቁ የአሸዋ ደሴት ነው። ርዝመቱ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ የባሕር ዳርቻው በሕግ አውራ ጎዳና ነው፤ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያው አሸዋ ላይ አነስተኛ አውሮፕላንም ያርፋል። በዚህ ጎዳና ላይ በግራ በኩል ማዕበል፣ በቀኝ በኩል ዲንጎ የሚባል ቀይ የዱር ውሻ ስለሚኖር፣ መካኒኩ ዳዊት ሲደግም ተሰምቷል።

ባሕሩን በተመለከተ ግን ቀልዱ ረገብ ማለት ይኖርበታል። በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ላይ ቀይና ቢጫ ቀለም ያላቸው ሁለት ባንዲራዎች ተተክለው ከታዩ፣ መዋኘት የሚገባው በሁለቱ መካከል ብቻ ነው፤ በዚያ ክልል የነፍስ አድን ሠራተኞች ይጠብቃሉ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያለ ክፍያ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ከባንዲራዎቹ ውጭ ሪፕ የሚባለው፣ በማዕበል ወደ ዳር የመጣው ውኃ በጠባብ መስመር ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ጅረት ሊኖር ይችላል። አሳሳቹ ነገር፣ ሪፕ ባለበት ቦታ ማዕበሉ ስለማይሰበር ውኃው ከሌላው ይልቅ የተረጋጋ መስሎ መታየቱ ነው፤ የላንጋኖን ውኃ የለመደ ሰው የሚመርጠውም በትክክል ያንን ቦታ ነው። ጅረቱ የያዘው ሰው ከእርሱ ጋር ትግል ሳይገጥም በጀርባው ተንሳፍፎ፣ እጁን አንሥቶ ርዳታ እንዲጠራ ይመከራል። ባሕሩ ማዕረግም አያይም፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ሆልት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1967 በቪክቶሪያ ጠረፍ ሊዋኙ እንደገቡ አልተመለሱም፣ አስከሬናቸውም አልተገኘም፤ ሜልቦርንም ለመታሰቢያቸው ስማቸውን የሰጠችው ለመዋኛ ገንዳ ነው።

በሰሜኑ ኩዊንስላንድ ደግሞ ስጋቱ መልኩን ይለውጣል። እዚያ በየባሕር ዳርቻው በተተከለ እንጨት ላይ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ተንጠልጥሎ ይታያል። ወጣቱ የሰላጣ ነው ብሎ ወደ መናፈሻው ይዞት ሊሄድ ሲል ነርሷ ደርሳ አስጥላዋለች፤ አቼቶው የተቀመጠው በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባሉት ወራት ወደ ዳር የሚቀርበውን፣ ሰውነቱ እንደ ውኃ የሚያሳልፍና ክሩ የሚገድል ጄሊፊሽ የነደፈው ሰው ቆዳ ላይ እንዲፈስ ነው፤ ይኸውም ገና መርዝ ያልለቀቁትን ጥቃቅን መንደፊያዎች ስለሚያመክን ነው። ከወንዝ አፎች አጠገብ ደግሞ አዞ እንዳለ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በቻይንኛ የሚያስጠነቅቁ ሰሌዳዎች ቆመዋል። አማርኛ አልተጨመረበትም፤ ሥዕሉ ግን በቂ ነው።

የጉዞው መጨረሻ ታላቁ የኮራል ሪፍ ነበር። ኮራል ማለት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በኖራ አጥንታቸው እየገነቡት የሚሄዱት ድንጋይ መሳይ ነገር ሲሆን፣ ይህኛው ሪፍ ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋና እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ በመምጣቱ ኮራሉ ቀለሙን አጥቶ የሚነጣበት ክስተትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ተደጋግሞበታል። ጀልባው ከቆመ በኋላ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መነጽር አጥልቀው ዘለው ሲገቡ፣ ወደብ አልባ ሀገር ያሳደገቻቸው ሦስቱ ባልንጀሮች ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰው፣ በረጅም የስፖንጅ ዘንግ ላይ ብብታቸውን አስደግፈው፣ የጀልባውን መሰላል በአንድ እጃቸው እንደያዙ ፊታቸውን ብቻ ውኃ ውስጥ አግብተዋል። ከሥራቸው በክንድ ርቀት አረንጓዴና ሐምራዊ የሆነ ትልቅ ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ እየቆረጠመ ሲያልፍ፣ የሚቆረጥመው ድምፅ ለጆሯቸው በግልጽ ይሰማ ነበር። ፉትስክሬይ ያደገው ወጣት ግን በትምህርት ቤቱ ዋና ተምሮ ስለነበር፣ ዓሣውን ተከትሎ እስከ ሪፉ ጫፍ ዋኝቶ ተመልሷል፤ ያየውንም በመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ሊያስረዳ ሞክሯል።

በመሆኑም ወደ አውስትራሊያ ለመምጣት ሰነድ በማሰባሰብ ላይ የሚገኘው የአክስት ልጅ፣ ለእንግሊዝኛው ፈተና ከሚያጠናበት ሰዓት ጥቂቱን ቀንሶ፣ እዚያው አዲስ አበባ ካሉት መዋኛዎች በአንዱ ተመዝግቦ ዋና እንዲማር ቤተ ዘመዱ ይምከረው፤ ሌላው ቢቀር በጀርባው መንሳፈፍ ከቻለ ለጊዜው ይበቃዋል። የትምህርቱን ክፍያ የዚህ ደብዳቤ ላኪ ይሸፍናል፤ ደረሰኙ በቴሌግራም ይላክለት።